እሳቱ የሚቀበለው እጃችን የሰጠውን ነው

(ስለ ሕክምና ቆሻሻ አያያዝ ለሆስፒታል ሠራተኞች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሐኪሞች አሉ፣ ነርሶች አሉ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች አሉ። የጽዳት ሠራተኞችና የማቃጠያው ኦፕሬተሮችም አሉ። ሁሉም አብረው ይቀመጡልኝ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ብዙ ጊዜ የቆሻሻ ሥልጠና ሲባል የሚጠሩት የጽዳት ሠራተኞች ብቻ ናቸው። ሐኪሙና ነርሷ ሥራ ላይ ናቸው ይባላል። እኔ ግን በዚህ ሥራ ውስጥ በቆየሁባቸው ዓመታት አንድ ነገር ገብቶኛል። የቆሻሻው ዕጣ የሚወሰነው ጓሮ ያለው ማቃጠያ ጋ ሳይሆን ታካሚው አልጋ አጠገብ ነው።

ከአንድ ታሪክ ልጀምር።

ሥራ በያዝኩ ሰሞን ነው። በምሠራበት ሆስፒታል በዕድሜ ጠና ያሉ የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። አንድ ቀን ጠዋት ከቀዶ ሕክምና ክፍል ጥቁር ከረጢት አንጠልጥለው እየወጡ ነው። ጥቁር ከረጢት እንደምታውቁት የተራ ቆሻሻ ነው። የወረቀት፣ የካርቶን። ደረጃውን ሲወርዱ ከረጢቱ ተወዛወዘና ባታቸውን መታቸው። ቆም አሉ። ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው ሲያዩ አንዲት ጠብታ ደም። በጋውናቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ይህንን ያወቅነው ከአራት ቀን በኋላ ነው። እሳቸው አልነገሩንም፤ አብራቸው የምትሠራ ልጅ ናት የነገረችን። ከረጢቱ ውስጥ ግማሽ ድረስ ክዳን የተደረገበት መርፌ ከነሲሪንጁ ነበረ። የማን ደም እንደነካው የሚያውቅ የለም። ከረጢቱ ላይ የክፍል ስም የለ፣ ቀን የለ። በክፍሉ ውስጥ 30 ታካሚ ተኝቷል። ለምን አልነገሩንም ብዬ ጠየቅኳቸው። «ቦት ጫማ ለምን አላደረግሽም ትሉኛላችሁ ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ብለናቸው ነበር የሚሆነው። የቦት ጫማውን ጥያቄ ከሳቸው በፊት መመለስ የነበረብን ግን እኛ ነበርን። የተሰጣቸው ቦት ጫማ ከቁጥራቸው በሁለት ይበልጥ ነበር።

ሌላም ነገር ወጣ። የጉበት ቫይረስ ክትባት የወሰዱ ሠራተኞችን ስም ዝርዝር አስፈልገን አየን። ሐኪሞች አሉ፣ ነርሶች አሉ፣ የካርድ ክፍል ሠራተኞች እንኳ አሉ። የጽዳት ሠራተኛ ግን አንድም አልነበረም። መርፌውን በየቀኑ በእጃቸው የሚሸከሙት ሰዎች ተረስተው ነበር። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ትዝ ያለው ሰው ስለሌለ ነው። ለኔ ከሁሉ የባሰው እሱ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከጤና ተቋም ከሚወጣው ቆሻሻ 85 በመቶ ያህሉ ተራ ቆሻሻ ነው። ቤታችን ካለው አይለይም። አደገኛ የሚባለው ቀሪው 15 በመቶ ነው። ተላላፊው፣ ስለታሙ፣ ኬሚካሉ፣ መድኃኒቱ፣ ጨረር ያለበት ሁሉ ተደምሮ ማለት ነው። ይህ መልካም ዜና ነው። ችግሩ ከምናስበው ያነሰ ነው ማለት ነው። ግን አንድ ሁኔታ አለው፤ እስካልተቀላቀለ ድረስ ነው። ደም የነካ ጎዝ (የቁስል መሸፈኛ ጨርቅ) ወረቀት መሐል ከወደቀ ወረቀቱም ተላላፊ ሆነ። ያኔ 15 የነበረው 100 ይሆናል። ለማቃጠል የሚፈጀው ነዳጅ ይጨምራል፣ ጭሱ ይጨምራል፣ አመዱ ይጨምራል። አንዴ የተቀላቀለን ደግሞ መልሶ መለየት የለም። ከረጢት ፈትቶ በእጅ መልቀም ክልክል ነው። ሰው ሲያደርገው ካያችሁ አስቁሙት።

ስለዚህ ሥራው ያለው በአንዲት ቅጽበት ላይ ነው። ነርሷ መርፌ ወግታ ጨርሳለች። በግራ እጇ ጥጥ ይዛለች፣ በቀኟ ሲሪንጅ። ታካሚው እያቃሰተ ነው፣ ሌላው እየጠራት ነው። ያኔ እጇ የሚሄደው በጣም ቅርብ ወዳለው ባልዲ ነው። እኔም ብሆን እዚያው ነው የምጥለው። እንግዲህ ሴፍቲ ቦክሱ (ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሳጥን) ኮሪደር ላይ ከሆነ፣ የተላላፊው ቆሻሻ ቢጫ ባልዲ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ከሆነ፣ ሥልጠና ብንሰጣት፣ ፖስተር ብንለጥፍ ምን ይሠራል? ሴፍቲ ቦክሱ ትሮሊው ላይ ይሁን። እጇ ዘርጋ ብሎ የሚደርስበት። እኔ አንድ ክፍል ስጎበኝ መጀመሪያ የማየው ፖስተሩን ሳይሆን ከአልጋው እስከ ባልዲው ያለውን ርቀት ነው። በእርምጃ እቆጥረዋለሁ።

ቀለሙ ከአገር አገር ይለያያል። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ተላላፊው ቢጫ፣ ኬሚካልና መድኃኒት ቡናማ፣ ተራው ጥቁር ነው። የናንተ አገር ሌላ ቀለም ከመረጠ በእሱ ሂዱ። ዋናው በአንድ ሆስፒታል ውስጥ አንድ ቀለም አንድ ትርጉም ብቻ እንዲኖረው ነው። ቢጫ ከረጢት አለቀ ተብሎ ጥቁሩ ለሁሉም ሲውል አይቻለሁ። ለአንድ ሳምንት ነው ተባለ፤ ስድስት ወር ቆየ። ያ ጊዜ ሁሉም ሰው የቀለሙን ትርጉም የረሳበት ጊዜ ነው።

ስለ ሴፍቲ ቦክስ ሦስት ነገር ልበል። አንደኛ፣ መርፌውን መልሳችሁ አትክደኑ። አብዛኛው ሰው ክዳን መመለስ ጥንቃቄ ይመስለዋል። ለሌላው ሰው አስቦ ነው የሚያደርገው። ግን እጅን ከሚወጉ ነገሮች ዋነኛው ይሄው ክዳን መመለስ ነው። እትዬን የወጋው መርፌም ክዳን የተሞከረበት ነበር። ሁለተኛ፣ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ዝጉት። ባለ 5 ሊትሩ ሳጥን 100 ገደማ ሲሪንጅ ይይዛል። ከዚያ በላይ ለማስገባት የሚገፋ እጅ ይወጋል። ሦስተኛ፣ አንዴ የተዘጋን ሳጥን አትክፈቱ፣ አታራግፉ፣ ባዶውን ለሌላ አትጠቀሙ። ሳጥኑ አብሮ ይቃጠላል። ውድ ነው ብሎ የሚያራግፍ አለ። መርፌ ማራገፍ ሳጥኑን ከሰው እጅ ማስበለጥ ነው።

አንዲት መርፌ ምን ይዛ ልትመጣ ትችላለች? በሽታው ካለበት ሰው ደም የነካ መርፌ ሲወጋችሁ፣ ክትባት ካልወሰዳችሁ የጉበት ቫይረስ ቢ የመያዝ ዕድላችሁ እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። የጉበት ቫይረስ ሲ ወደ 2 በመቶ ነው። ኤች አይ ቪ 0.3 በመቶ፣ ማለትም ከ300 አንድ ገደማ። ሰዉ ሁሉ የሚፈራው የመጨረሻውን ነው። በጣም የሚተላለፈው ግን የመጀመሪያው ነው። እሱ ደግሞ በክትባት የሚከለከል ነው። ሦስት ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ የሚሰጥ ክትባት አለ። ስለዚህ ክትባት ያልወሰደ ሰው ቆሻሻ ጋ ባይመደብ ደስ ይለኛል። ጠዋት ሥራ ከጀመረ ከሰዓት በኋላ ይከተብ።

ተወጋችሁ እንበል። ቁስሉን በውኃና ሳሙና እጠቡ። አትጭመቁት፣ በረኪና አታድርጉበት። ከዚያ ወዲያውኑ ለኃላፊ ንገሩ። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፤ ከ72 ሰዓት ካለፈ አይጠቅምም። ከተጀመረ 28 ቀን ይወሰዳል። እትዬ ያመለጣቸው ይህ ነው። አራተኛው ቀን ላይ ነበር ያወቅነው። ስድስት ወር ሙሉ በየጊዜው ደም እየሰጡ ተመረመሩ። በእያንዳንዱ ቀጠሮ ዋዜማ እንቅልፍ አይወስደኝም ይሉኝ ነበር። ውጤታቸው በደህና አለቀ። እግዚአብሔር ይመስገን። ያን የስድስት ወር ጭንቀት ግን የሚመልስላቸው የለም።

እናንተ ኃላፊዎች አንድ ነገር ልለምናችሁ። የተወጋ ሰው ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ለምን ጓንት አላደረግሽም?» አይሁን። «መቼ ነው? ነይ እንሂድ» ይሁን። ሰው የሚሸሸገው ቁጣን ፈርቶ ነው።

ቆሻሻው ከግቢ ሲወጣስ? ሰዎች ይህን የሩቅ ችግር ያደርጉታል። በፈረንጆቹ 2009 (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) በሕንድ ጉጃራት ግዛት 240 ያህል ሰዎች በጉበት ቫይረስ ቢ ተያዙ። ምክንያቱ ተጣርቶ ሲታይ ያገለገለ ሲሪንጅ ነበር። ከጤና ተቋም የወጣ ሲሪንጅ በስውር ገበያ ተሰብስቦ፣ እንደገና ለሽያጭ ቀርቦ፣ በሌላ ሰው ክንድ ላይ ተወጋ። ሲሪንጁ ሳይቃጠል ወይም ሳይሰበር መውጣቱ ነው መነሻው። በ2000 ደግሞ በሩሲያ ቭላዲቮስቶክ ከተማ ቆሻሻ መጣያ ላይ ሲጫወቱ የነበሩ ልጆች ጊዜው ያለፈበት የፈንጣጣ ክትባት ጠርሙሶች አገኙ። ስድስት ልጆች በክትባቱ ቫይረስ ቀለል ባለ ሁኔታ ታመሙ። ልጅ የሚያምር ጠርሙስ ካገኘ ያነሳል። ከመጣሉ በፊት ማሰብ የኛ ነው።

አንዱን ግን ጊዜ ወስጄ ልንገራችሁ። እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው። ብራዚል፣ ጎያኒያ ከተማ፣ መስከረም 1987። አንድ የጨረር ሕክምና ተቋም ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር አንድ መሣሪያ በአሮጌው ሕንጻ ትቶ ሄደ። መሣሪያው ውስጥ ሲዚየም 137 የሚባል ጨረር አመንጪ ነገር ነበረ። 100 ግራም የማይሞላ ዱቄት። ሁለት ሰዎች ብረቱን ሊሸጡት ነቅለው ወሰዱት፣ ለቁራሌው ሸጡት። ሌሊት ላይ ዱቄቱ ሰማያዊ ብርሃን ሰጠ። ደስ የሚል ብርሃን። ቁራሌው ቤቱ አስገባው። ዘመድ ወዳጅ ጠርቶ አሳየ። ሰው ቆንጠር ቆንጠር አድርጎ ይዞ ሄደ። አንዳንዱ ገላው ላይ ቀባው። የስድስት ዓመት ልጅ ዱቄቱ በነካው እጇ በላች።

ሰው መታመም ሲጀምር የጠረጠረችው የቁራሌው ሚስት ናት። ያን ዕቃ በከረጢት አድርጋ፣ አውቶብስ ተሳፍራ ወደ ጤና ቢሮ ወሰደችው። በሷ ምክንያት ነው ነገሩ የታወቀው። በመጨረሻ አራት ሰዎች ሞቱ። ልጅቷም፣ ያቺ ያወቀችው ሴትም ከሟቾቹ ውስጥ ናቸው። ገላቸው ላይ ወይም ሰውነታቸው ውስጥ ጨረሩ የተገኘባቸው 249 ናቸው። ለምርመራ የተሰለፈው ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ነው። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ የሕክምና ዕቃ ባለቤት አጥቶ ስለቀረ ነው። ጨረር ያለበት ነገር በማንኛውም ማቃጠያ ውስጥ አይገባም። እሳት ጨረርን አያጠፋም፤ በጭስና በአመድ ይበትነዋል እንጂ።

ስለ ማጓጓዝና ማቆያ በአጭሩ። ቆሻሻ የሚገፋበት ጋሪ ምግብ የሚሄድበትን መንገድ አይጋራ። ከረጢት አይጎተት፣ ከትከሻ ላይ አይጫን፣ ከሰውነት ራቅ ተደርጎ ይያዝ። ማቆያው ይቆለፍ፣ ድመትና አይጥ አይግባ። ሞቃት አየር ባለበት አገር ተላላፊ ቆሻሻ በሞቃቱ ወቅት ከ24 ሰዓት፣ ቀዝቀዝ ባለው ወቅት ከ48 ሰዓት በላይ ባያድር ነው የሚመከረው። ከረጢቱ ላይ ክፍሉና ቀኑ ይጻፍ። የእትዬ ከረጢት ላይ ክፍሉና ቀኑ ቢጻፍ ኖሮ የትኞቹን ታካሚዎች መመርመር እንዳለብን ቶሎ እናውቅ ነበር።

አሁን ወደ እሳቱ።

ማቃጠያ ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው በርሜል ውስጥ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ክብሪት መጫር ነው። ሰዉ «አቃጥለነዋል» ይላል። የተቃጠለው ግን ላዩ ነው። ጉድጓድ ውስጥ የሚነድ እሳት ሙቀቱ ዝቅተኛ ነው። መርፌው ሳይቀልጥ፣ ጀርሙም ሁሉ ሳይሞት፣ ጭሱ ግን ወደ መንደሩ ይሄዳል።

እውነተኛ ማቃጠያ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ቆሻሻው የሚነድበት ነው። እዚያ ቆሻሻው ወደ ጋዝ ይቀየራል። ያ ጋዝ ገና መርዝ ነው። ሁለተኛው ክፍል ጋዙ ራሱ እንደገና የሚቃጠልበት ነው። ለዚህ ቢያንስ 850 ዲግሪ ያስፈልጋል። ክሎሪን ያለበት ነገር ከበዛ 1100 ዲግሪ። ጋዙ በዚያ ሙቀት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሰከንድ መቆየት አለበት። ሁለት ሰከንድ ትንሽ ይመስላል። ጭስ በጭስ ማውጫ ውስጥ ምን ያህል እንደሚፈጥን ላየ ሰው ግን ረጅም ነው። ሁለተኛ ክፍል የሌለው ማቃጠያ ያችን ሁለት ሰከንድ የሚያገኝበት ቦታ የለውም።

ለምን ይህን ያህል እንጨነቃለን? ዳይኦክሲንና ፉራን በሚባሉ መርዞች ምክንያት ነው። ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ በደንብ ሳይነድ ሲቀር ይፈጠራሉ። ተንኮላቸው ደግሞ ሌላ ነው። በትልቅ ሙቀት ከጠፉ በኋላ፣ ጭሱ ሲቀዘቅዝ፣ ከ450 እስከ 200 ዲግሪ ባለው መሐል እንደገና ሊፈጠሩ ይችላሉ። ስለዚህ ዘመናዊው ማቃጠያ ጭሱን በድንገት ያቀዘቅዘዋል፣ ከዚያ ያጣራዋል። በብዙ አገር ሕግ የተፈቀደው መጠን በአንድ ሜትር ኩብ ጭስ 0.1 ናኖግራም ነው። ናኖግራም የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ ነው። መርዙ ጥቂት ሆኖ ይጎዳል ማለት ነው። መሬት ላይ ያርፋል፣ ሣር ላይ ያርፋል፣ ከብቱ ይበላዋል፣ በወተትና በሥጋ ወደኛ ይመለሳል። ስብ ውስጥ ይቀመጣል። ሰውነታችን ግማሹን ብቻ ለማስወጣት ከ7 እስከ 11 ዓመት ይፈጅበታል። ካንሰር ያመጣል፣ ፅንስን ይጎዳል። ሳይጠፉ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ መርዞችን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት በ2001 ሲፈረም የሕክምና ቆሻሻ ማቃጠያን ከዳይኦክሲን ምንጮች አንዱ አድርጎ በስሙ የጠቀሰው ለዚህ ነው።

ብዙ አነስተኛ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ያለው በሸክላ ጡብ የተሠራ ማቃጠያ ነው። ከነዚህ ውስጥ በጣም የታወቀው በእንግሊዝ ዲ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ የተነደፈው ነው። ሁለት ክፍል አለው፣ ዋጋው ቀላል ነው፣ ጡብና ብረት ባለበት ይሠራል። ለክትባት ዘመቻ መርፌ ብዙ አገልግሏል። ጭሱን የሚያጣራ ነገር ግን የለውም። ስለዚህ እዚያ ላይ ያለን ማጣሪያ ሁለት ነው፤ የምናስገባው ነገርና የኦፕሬተሩ እጅ።

አንድ ኦፕሬተር ላሳያችሁ። አብሬው ብዙ ጠዋት ቆሜአለሁ። ዕድሜው ከኔ ስለሚበልጥ ጋሼ እለዋለሁ። ጋሼ መጀመሪያ ቆሻሻውን አያስገባም። በእንጨትና በጋዝ እሳቱን ያነዳል። ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቃል። ቆሞ ይጠብቃል፣ ወንበር አይፈልግም። ጡቡ ሲግል ድምፅ አለው፣ ጠቅ ጠቅ ይላል። ከዚያ የጭስ ማውጫውን ጫፍ ያያል። ከጫፉ በላይ አየሩ ሲንቀጠቀጥ፣ ጭስ ግን ሳይታይ ሲቀር፣ «አሁን ደርሷል» ይላል። ያኔ የመጀመሪያውን ሳጥን ያስገባል። አንድ ብቻ። በሩን ይዘጋል። ደግሞ ይጠብቃል። ጭሱ ነጭ ከሆነ እርጥብ ነገር ገብቷል ማለት ነው። ጥቁር ከሆነ አብዝተናል ወይም አየር አንሷል። እንዲህ እያለ በጥቂት ጥቂቱ ያበላዋል። ልክ እንደ ሕፃን ነው የሚያበላው።

ክንዱ ላይ አንድ ጠባሳ አለው። ስንት ዓመቱ እንደሆነ ያስታውሳል። አንድ ቢጫ ከረጢት ውስጥ ክዳኑ ያልተከፈተ የመድኃኒት ጠርሙስ ነበረ። በሩን ሊዘጋ ሲል እንደ ጥይት ፈነዳ። ያን ጠርሙስ የጣለው ሰው ጋሼን አያውቀውም። ጋሼም እሱን አያውቀውም። የፋርማሲው ሰዎች፣ ይህን የምነግራችሁ ለናንተ ነው።

እሳት ውስጥ የማይገባውን ልዘርዝር። የተዘጋ ጠርሙስና የመድኃኒት አምፑል፣ የሚረጭ ጋዝ ያለበት ቆርቆሮ፤ ይፈነዳሉ። ባትሪና የሜርኩሪ ቴርሞሜትር፤ ሜርኩሪው ተንኖ ኦፕሬተሩ ሳንባ ውስጥ ይገባል። የራጅ ፊልም። የደም ከረጢትና የግሉኮስ ቱቦ፤ አብዛኛው ፒቪሲ ነው፣ ክሎሪን አለው። የካንሰር መድኃኒት 1200 ዲግሪ ስለሚፈልግ አነስተኛ ማቃጠያ አይችለውም። የሜርኩሪው ነገር እየቀለለ መጥቷል። ሜርኩሪን ለመቆጣጠር በተደረገው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ ያለባቸው ቴርሞሜትሮችና የደም ግፊት መለኪያዎች ከ2020 በኋላ እንዳይመረቱና እንዳይገቡ ተወስኗል። መደርደሪያው ላይ የቀሩትን ግን አንድ ቦታ ሰብስቡ፣ ለብቻ አስቀምጡ።

እርጥብ ነገርስ? እንግዴ ልጅ ውኃ ነው። ፈሳሽ የቀረበት ከረጢት ውኃ ነው። እነሱን ማቃጠያ ውስጥ መክተት እሳት ላይ ውኃ ማፍሰስ ነው። እንግዴ ልጅ የራሱ የተከደነ ጉድጓድ ይኑረው። ከረጢቱ ፈሳሹ ይውጣለት፣ ደም ካልነካው ደግሞ ከተላላፊው ጋር ለምን ይሄዳል?

አመዱን ሰዎች ይንቁታል። ተቃጥሏል፣ አልቋል ይላሉ። አመዱ ውስጥ የመርፌ ጫፍ አለ። መርዛማ የሆነ ከባድ ብረት አለ። አንድ ግቢ ውስጥ አመዱን ለአበባ መደብ ሲበትኑ አይቻለሁ። በቀና ልብ ነው፤ አፈሩ ይዳብር ብለው ነው። አመድ በሲሚንቶ የተለበጠ፣ የተከደነ ጉድጓድ ነው የሚፈልገው። የሚያወጣው ሰው ወፍራም ጓንትና ቦት ጫማ፣ አፍንጫ መሸፈኛና መነጽር ያድርግ። እሳቱ ከቀዘቀዘ በኋላ እንጂ በትኩስነቱ አይነካ።

ማቃጠል የግድ ነው ወይ የሚል ጥያቄ ሁሌ ይነሣል። ደስ የሚለኝ ጥያቄ ነው። ግድ አይደለም። አውቶክሌቭ አለ። በ121 ዲግሪ የሞቀ እንፋሎት፣ በግፊት፣ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ። ጀርሙ ይሞታል፣ ጭስ የለም። መሥራቱ የሚረጋገጠው ሙቀት በሚቋቋም የባክቴሪያ ዘር ነው፤ እሱ ከሞተ ሌላውም ሞቷል። ከዚያ መፍጫ ካለ ይፈጫል፣ እንደ ተራ ቆሻሻ ይወገዳል። ጉድለቱ ኬሚካል፣ መድኃኒትና የሰውነት ክፍል አለመቀበሉ ነው። መብራትና ውኃም ይፈልጋል። ፊሊፒንስ በ1999 ባወጣችው የንጹሕ አየር ሕግ መርዛማ ጭስ የሚያወጣ ማቃጠልን ከልክላለች። በአሜሪካ በሺዎች ይቆጠሩ የነበሩ የሆስፒታል ማቃጠያዎች የጭስ ደንቡ ሲጠብቅ ከመቶ በታች ወርደዋል። የኔ ሐሳብ ይህ ነው። መብራቱና ውኃው አስተማማኝ ከሆነ፣ ወደ እንፋሎት ሂዱ። ካልሆነ ደግሞ በጉድጓድ ከማንደድ በደንብ የተያዘ ባለ ሁለት ክፍል ማቃጠያ ሺህ ጊዜ ይሻላል። የማይሠራ አውቶክሌቭ ገዝቶ ማስቀመጥ ግን መፍትሔ አይደለም። እንዲህ ሆኖ አይቻለሁ፤ ማሽኑ በፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ ጉድጓዱ ከጎኑ እየጨሰ።

ከሁሉ የሚቀለው ቆሻሻ ደግሞ ያልተፈጠረው ነው። በዓለም ላይ በዓመት 16 ቢሊዮን መርፌ ይሰጣል ተብሎ ይገመታል። ኪኒን የሚበቃው በሽታ ስንቱ ነው? ታካሚው መርፌ ካልተወጋሁ አልድንም ይላል፣ እኛም ለማስደሰት እንወጋለን። በኮቪድ ጊዜ ያየነውን አስታውሱ። የተባበሩት መንግሥታት ከመጋቢት 2020 እስከ ኅዳር 2021 ባለው ጊዜ ብቻ 87,000 ቶን የሚመዝን ጓንት፣ ጋውንና ጭምብል ገዝቶ ለአገሮች አቅርቧል። አብዛኛው ቆሻሻ ሆነ። ያኔ ከጤና ተቋማት 30 በመቶው፣ በድሃ አገሮች ደግሞ 60 በመቶው የነበረባቸውን ቆሻሻ እንኳ በአግባቡ የሚይዙበት አቅም አልነበራቸውም። ለክትባት ጓንት አያስፈልግም፤ ስንት ጓንት ግን ለሱ አለቀ።

አስተዳደር ላይ ላላችሁ አንድ ቃል። ማቃጠያ ሲገዛ ምረቃ አለ፣ ፎቶ አለ። ከዓመት በኋላ በሩ ይጣመማል፣ ጡቡ ይሰነጠቃል፣ ነዳጅ «በሚቀጥለው በጀት» ይባላል። ለጥገናና ለነዳጅ የራሱ መስመር ያለው በጀት ያዙ። የኦፕሬተር ተተኪ አሠልጥኑ። ጋሼ ሲታመም ማን ይገባል? ዘበኛው? በብዙ ቦታ መልሱ እሱ ነው። ዘበኛውም እሳት ሳያሞቅ ከረጢቱን ሁሉ አንዴ ይጨምራል። ጥፋቱ የሱ አይደለም።

ንግግሬን እዚህ ላይ ልግታ። ሻይ ከመጠጣታችን በፊት ወደ ጓሮ እንወርዳለን። ጋሼ ከጠዋት ጀምሮ አንድዶ እየጠበቀን ነው። በሩ አጠገብ የተቀመጠ ቦት ጫማና መነጽር አለ፣ በቁጥራችሁ ልክ ነው፤ ራሴ ቆጥሬዋለሁ። ትናንት ከየክፍላችሁ የመጡትን ሴፍቲ ቦክሶች ደርድሯቸዋል፣ የየክፍሉ ስም ተጽፎባቸዋል። የትኛው ከመስመሩ በላይ እንደሞላ እሱ ያሳያችኋል። ጥያቄ ያለው ሰው እሱን ይጠይቅ።